ሶል ካሴታችንና የእድሩ ጡሩምባ

ማናጀር የሆንኩት ሳምሶናይት ስለነበረኝ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ሙዚቃ አላውቅም። እናቴ እንኳ፣ ያን ያህል ለልጇ የምትሳሳ ሴት፣ አንድ ጊዜ ሳንጎራጉር ሰምታኝ "አንተ ብቻ ትምህርትህን ተማር" ብላኛለች። ተማርኩና መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሆንኩ። ሳምሶናይቱን የገዛሁት የፈተና ወረቀት ልይዝበት ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ግን ቆሎ ነው። ይሁን እንጂ ቆልፌው በገበያ መሐል ሳልፍ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ሬዲዮ ጠጋኙ ደረጀም አላወቀም። አንድ ቀን ሳምሶናይቱን ትኩር ብሎ አይቶ "መምህር፣ ማናጀሬ ለምን አትሆንም?" አለኝ። እኔም ማናጀር ምን እንደሚሠራ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ።

ዘመኑ ካሴት የነገሠበት ነበር። መንግሥት ተቀይሮ ክልል የሚባለው ቃል ገና ለአፋችን አዲስ ሳለ መሆኑ ነው። ደረጀ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ቤት ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናል። አንድ የመንገድ ሥራ ሾፌር ካሴት የበላ ቴፕ አምጥቶ "እመለሳለሁ" ብሎ ሄደና በዚያው ቀረ። ደረጀ የተጨማደደውን ክር ከቴፑ አላቅቆ፣ የተበጠሰውን ቀጥሎ፣ በእስክሪብቶ አጠንጥኖ አዳመጠው። የጥቁር አሜሪካውያን ሶልና ሪትም ኤንድ ብሉዝ ነበር።

"ቃሉ አንድም አልገባኝም" አለኝ፤ "ሰውዬው ምን እንደሆነ ግን ገባኝ።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"ትታው ሄዳለች።"

በእንግሊዝኛዬ ተመክቼ ሦስት ጊዜ አደመጥኩት። እውነቱን ነው፣ ትታው ሄዳለች።

ደረጀንም ትታው የሄደች ነበረች። ጽጌ ትባላለች፤ ደብረ ብርሃን አግብታ ገባች። ደረጀ አልጮኸም፣ አልጠጣም፤ ዘጠኝ ዘፈን ጻፈ። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው። ስለ ውርጭ ጻፈ፣ ስለ ጓሳ ተራራ ጉም ጻፈ፣ ስለ ደብረ ብርሃን አውቶቡስ ጻፈ፤ ዞሮ ዞሮ ሁሉም ስለ ጽጌ ነው። በልጅነቱ ድቁና ስለተማረ አንዲት ቃል ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ማመላለስ ያውቅበታል። በዚያ ላይ የመንዝ ብርድ አለ። በእኛ አገር ድምፅ ሳይለምኑት ይንቀጠቀጣል፤ ሶል ሌላ ቦታ መፈጠሩ ዛሬም ይገርመኛል።

ስቱዲዮ አልነበረንም። የደረጀን ሱቅ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ከበግ ፀጉር በተሠራ ባና ሸፈንነውና ስቱዲዮ አልነው። ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ከደብረ ብርሃን አስመጣን። ሰውዬው ጎበዝ ነው፤ የበግ ፀጉር ግን አይስማማውም። አራተኛው ዘፈን መሐል ያስነጠሰውን አድማጮች በኋላ አዲስ የከበሮ አመታት ነው ብለው አድንቀዋል። እኛም አላስተባበልንም።

ችግሩ ሌላ ነው። ሶል የትንፋሽ መሣሪያ ይፈልጋል። ያለሱ ወጡ ጨው የለውም። ኪቦርዱ ላይ ትራምፔት የሚል ቁልፍ አለ፤ ሲነካ ግን ገመድ የተጠመጠመባት ፍየል ድምፅ ያወጣል። ደረጀ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ዝም ማለት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራላችሁም ነበር።

"ጋሽ ጥላዬስ?" አልኩ።

ጋሽ ጥላዬ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ደረታቸው ብቻ ሰፊ። የከተማው ሰው የሚያውቃቸው ግን በዘበኝነታቸው አይደለም። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ያን የናስ ጡሩምባ ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ ይነፉና የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ሠላሳ ዓመት ነፍተዋል። ጡሩምባው ከከተማው ዳር ከጦስኝ ሜዳ ቢነፋ እስከ ገበያው ይሰማል። በባዶ እጃቸው ዳቦ ሊገዙ ሲወጡ እንኳ ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው "ምነው ጋሽ ጥላዬ፣ ሰላም ነው?" ይላሉ። ሠርግም አይሄዱም። ይጠራሉ እንጂ፤ ሙሽሪት ስታያቸው እንዳትደነግጥ ተብሎ ምግቡ ቤታቸው ድረስ ይላክላቸዋል።

ቤታቸው ሄድን። ደረጀ ሶል ምን እንደሆነ አስረዳ። እኔም ሳምሶናይቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አስፈላጊ ሲሆን ራሴን ነቀነቅሁ።

"ይህ ጡሩምባ ሰው ሳይሞት ተነፍቶ አያውቅም" አሉ ጋሽ ጥላዬ።

"እናውቃለን፣ ጋሼ" አለ ደረጀ። "ቢሆንም ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚችል የለም።"

"ሰው ሲሰማው ምን ያደርጋል?"

"ይጨፍራል።"

ጋሽ ጥላዬ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ጡሩምባ ዞሩ። "በኔ ጡሩምባ?" አሉ።

"በእርስዎ ጡሩምባ።"

ጋሽ ጥላዬ ጡሩምባውን ከተሰቀለበት አውርደው በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉት ጀመር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ ገቡ። ድምፁ ወጥቶ ከተማውን እንዳያምስ በሩን በሦስት ባና ደፈንነው። ጋሽ ጥላዬ ማይክሮፎኑ ፊት ቆመው ጉንጫቸውን ነፉ። ምንም አልወጣም። ደግመው ሞከሩ፤ ፉት የምትል ትንፋሽ ብቻ። ቀስ ብሎ ነው ምክንያቱ የገባን፤ ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነፉት እየሄዱ ነው። ቆመው መንፋት አይችሉም። ስለዚህ አራት እርምጃ በማይሞላው ክፍል ውስጥ ማይክሮፎኑን እየዞሩ እንዲሄዱ አደረግን። ኪቦርድ ተጫዋቹ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፣ እኔ ጥግ ያዝኩ።

ሊጀምሩ ሲሉ ቆሙና "ለማን ነው የምነፋው?" አሉ።

"ትታኝ ለሄደችው ልጅ" አለ ደረጀ።

"ሞተች?"

"ኧረ ደህና ናት። አግብታ ደብረ ብርሃን ናት።"

ጋሽ ጥላዬ ጡሩምባውን ከፍ አድርገው "እንግዲያው ላንተ ሞታለች" አሉ። ከዚያ ነፉ።

እናንተዬ፣ ያን ድምፅ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በክፍሉ ሲዞሩ ይቀርባል፣ ይርቃል፣ እንደገና ይመጣል። ደረጀ በዚያው ላይ ዘፈነ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ማስነጠሱን ረሳ። እኔ ሙዚቃ የማላውቀው ሰው ጥግ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ያስቸገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጋሽ ጥላዬ ነፍተው እንደጨረሱ በልማድ "የእድራችን አባል የነበሩት..." ማለት ይጀምራሉ። ሰባት ጊዜ አቋርጠን ደገምነው።

ካሴቱ ተባዝቶ ተዘጋጀ። የመጀመሪያው ዘፈን "ውርጭ" የሚለው ሆነ፤ በጡሩምባ ይጀምራል። አሁን ማስታወቂያ ያስፈልጋል፤ ማስታወቂያ ደግሞ የማናጀር ሥራ ነው። በጎረቤታችን ከተማ በሞላሌ የገበያ ቀን ወደዚያ የሚሄደውን አውቶቡስ ሾፌር ለመንኩ፤ ደረጀ ድምፅ ማጉያ ጣሪያው ላይ፣ ዕቃ በሚጫንበት ፖርቶመጋላ ጫፍ ላይ አሰረ። ጋሽ ጥላዬ ከሥራ ቀርተው አብረውን ሊመጡ ፈልገው ነበር፤ ፈቃድ ግን አላገኙም። "ሲጨፍሩ ስታዩ በደንብ ልብ በሉልኝ፤ ትነግሩኛላችሁ" ብለው ሸኙን። እኔ ለክብሩ ጥቁር ኮቴን፣ ነጭ ሸሚዜን፣ ጥቁር ክራቫቴን ለብሻለሁ። ከሾፌሩ ጎን ሳምሶናይቴን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

አንድ ነገር አላየሁም። የጓሳው የሣር መሬት በዚያ ሰሞን ለአጨዳ ተከፍቶ ስለነበር አንድ ገበሬ ለቤት ክዳን የሚሆን ሣር ጭኖ ነበር። እንዳይበተን በባና ጠቅልሎ፣ ሦስት ቦታ በገመድ አስሮ፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር አጋድሞታል። ርዝመቱ የሰው ቁመት ነው።

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ፣ ደረጀ ካሴቱን ከፈተ። ጡሩምባው ጮኸ። መናኸሪያው ጸጥ አለ። ወንዶቹ ባርኔጣ አወለቁ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ከአውቶቡሱ ውስጥ አራት ሰው "የኛ እድር ነው" ብሎ ወረደ። እኔ ይህን ሁሉ አየሁና ምን አልኩ መሰላችሁ? "ደረጀ፣ ወደዱት!" አልኩት። "ከፍ አድርገው!"

ከፍ አደረገው። ዘፈኑ ባለቀ ቁጥር ወደ መጀመሪያው እያጠነጠነ መለሰው። በየመንደሩ ስናልፍ ሰው ከአጥር ግቢው እየወጣ ይቆማል፤ አንዳንዱ ዱላውን ይዞ ይከተለናል። ዳገት ላይ አውቶቡሱ ሲያዘግም የሚከተለን ሰው በዛ። በመስኮት እጄን አውለበለብኩላቸው። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አጎነበሱልኝ። ዝና ማለት ይህ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሞላሌ ስንደርስ ገበያው ቆሞ ጠበቀን። ወሬው በፈረስ ቀድሞን ኖሯል፤ የደረጀንም ዜማ ሙሾ ብለውታል። በሩ ሲከፈት አንድ ሰው ሾፌሩን "ሬሳው ከላይ ነው ከውስጥ?" ብሎ ጠየቀ። ሰውየው መልስ አልጠበቀም፤ ቀና ብሎ ባናውን አይቷል።

ጥቁር ለብሼ ስወርድ የማላውቃቸው እናት አንገቴ ላይ ተጠምጥመው "ወየው ልጄን! ምንህ ነበሩ?" አሉኝ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ እግዜር ያውቃል። "እናቴ፣ ይህ ሶል ነው" ልል ነበር። ግን እኒያ እናት ከልባቸው እያለቀሱ ነው። እንባቸው ክራቫቴን አርሶታል። በዚያ ቅጽበት ማን ጨክኖ ማስታወቂያ ነው ይላል? "እግዚአብሔር ያጥናህ" ሲሉኝ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ከዚያች ቃል በኋላ መመለሻ አልነበረም።

በመንገዱ ዳር ምንጣፍ ተነጠፈልኝ። ሽማግሌዎች ከበቡኝ። አንዱ "ሰውን የሚያስከብረው እንዲህ ያለ አሸኛኘት ነው" ሲሉ ሌላው "በመኪና ላይ ጡሩምባ! ትልቅ ሰው ናቸው ማለት ነው" አሉ። ጥቂት ቆይቶ ንፍሮ መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። በላሁ። ደረጀን በዓይኔ ፈለግሁት፤ አውቶቡሱ ወንበር ሥር ተኝቶ ጫማው ብቻ ይታየኛል።

አራት ጎልማሶች ባናውን ከጣሪያው በጥንቃቄ አውርደው በትከሻቸው ተሸከሙት። ሴቶች ደረት እየመቱ ተከተሉ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ሲያቀኑ ነው የሣሩ ባለቤት ሻይ ከሚጠጣበት ሮጦ የወጣው።

"እናንተ ሰዎች! ሣሬን ወዴት ነው የምትወስዱት?"

ሐዘን ጭንቅላቱን የነካው መስሏቸው ያዙት። ታገለ። ገመዱን ጎተተው። ባናው ተፈታና የጓሳ ሣር መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። ሰው ሁሉ ሣሩን አየ። ከዚያ ሰው ሁሉ እኔን አየ። ንፍሮው እጄ ላይ ነበር።

ከሞላሌ እንዴት እንደወጣን አልነግራችሁም። ጉዳዩ ግን እኔን አዋርዶ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። የተከሰሱት ጋሽ ጥላዬ ናቸው።

የእድሩ ዳኛ ባሻ ሽፈራው ጡሩምባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። ጋሽ ጥላዬ እፊቱ ቆመዋል። እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተዋል።

"ጥላዬ፣ ይህ ጡሩምባ ሰው ሳይሞት ተነፍቶ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"አሁንስ?"

"ለደረጀ ጽጌ ሞታለች ብዬ ነው።"

የጽጌ አጎት ከኋላ ብድግ ብለው "ኧረ በስማም በሉ! ጽጌ ደህና ናት! ባለፈው ሳምንት ወንድ ልጅ ወልዳለች!" አሉ። ደረጀ ይህን የሰማው እዚያው ነው። አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ።

ምስክር ተሰማ። በመናኸሪያው ከአውቶቡስ የወረዱት ቃላቸውን ሰጡ። አንዱ ወደ እኔ እየጠቆመ "ይኸ አስተማሪ ደግሞ ንፍሮ በልቷል" አለ። ጉባኤው ተንሾካሾከ። ከሁሉ የከበደው ይኸኛው መሰለኝ።

ባሻ ሽፈራው ክፉ ሰው አይደሉም። "ጡሩምባ የታመነ መሆን አለበት" አሉ። "ነገ ሰው ሞቶ ሲነፋ ሕዝቡ ዘፈን ነው ብሎ ቢተኛስ? ማን ይቅበረን? ጥላዬ ይረፍ፤ ከእንግዲህ አስታጥቄ ይንፋ።" አስታጥቄ የሚባለው አናጢ ከተቀመጠበት ደንግጦ ተነሣ፤ እሱ ራሱ አልጠየቀም።

ደረጀ ወደፊት ወጣ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ካሴቶቹን ሰብስቤ አቃጥላለሁ። ጡሩምባውን ብቻ ከጋሼ አትውሰዱ።" ዘጠኝ ዘፈን፣ ያ ሁሉ ሥራ! ሳምሶናይቴን አጥብቄ ያዝኩ። ከዚያ በፊት በዚያ ሰው እንዲህ የኮራሁበት ቀን የለም።

ጋሽ ጥላዬ ግን እጃቸውን አነሡ። "አይቃጠልም" አሉ። "እኔ ልናገር። ሠላሳ ዓመት እናንተን አገልግያለሁ። ሰው የሚያየኝ ደንግጦ ነው። አንድ ቀን እንኳ ፊቴን አይቶ የሳቀ የለም። ጥፋት አይደለም፤ ሥራዬ ነው። ይህ ልጅ መጥቶ 'ይጨፍራሉ' አለኝ። በኔ ጡሩምባ ሰው ሲጨፍር ለማየት ጓጓሁ። በቃ፣ ጥፋቴ ይኸ ነው። ከመውሰዳችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ ስሙትና ውሰዱት።"

ደረጀ ቴፕ አመጣ። ጡሩምባው ሲጮኽ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ፤ ባሻ ሽፈራውም በልማድ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ አፍረው መልሰው ተቀመጡ። ጡሩምባው ቀረበ፣ ራቀ፣ ተመለሰ። የደረጀ ድምፅ ገባ። የማንም እግር አልተንቀሳቀሰም። አለቀልን አልኩ በልቤ።

ዘፈኑ ሲያልቅ እትዬ በለጥሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሡ። ባለፈው ዓመት አንድ ልጃቸውን የቀበሩ ናቸው።

"ለልጄም እንዲህ ነበር የነፋልኝ" አሉ። "ያን ቀን ይህን ጡሩምባ ረግሜዋለሁ። ጥላዬ፣ አንተንም ረግሜሃለሁ፤ ዛሬ ይቅር በለኝ። እንዲህ እንደሚያምር አልሰማሁም ነበር። ለልጄ የተነፋው እንዲህ ያማረ መሆኑን ዛሬ ስላወቅሁ ደስ ብሎኛል። እኔ በሕይወት ሳለሁ ሌላ ሰው አይነፋውም።"

ተቀመጡ። ጋሽ ጥላዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባሻ ሽፈራው ጡሩምባውን ወደ ጋሽ ጥላዬ ገፋ አደረጉት።

"እንግዲህ" አሉ፤ "ጡሩምባው ከጥላዬ ጋር ይቆይ። ካሴቱም ይሁን። ግን ሰው እንዳይደነግጥ መጀመሪያው ላይ ጥላዬ ራሱ እውነቱን ይናገር። ቃለ ጉባኤ ይያዝ።"

ቃለ ጉባኤው ተያዘ። ደረጀ ስቱዲዮውን እንደገና በባና ሸፈነ፤ ጋሽ ጥላዬ ተጠሩ። ካሴቱ ታርሞ ሲወጣ መጀመሪያ ጡሩምባው አንድ ጊዜ አጠር አድርጎ ይጮኻል፤ ቀጥሎ የጋሽ ጥላዬ ድምፅ፣ ያው የንጋቱ ድምፅ፣ "ሰው አልሞተም! ስሙ፣ ሰው አልሞተም!" ይላል። ከዚያ ሶሉ ይጀምራል።

አገሩ ያበደው በዚህች ቃል ነው። ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ አውቶቡስ ሁሉ ያጫውተው ጀመር። ጡሩምባው ሲጮኽ ተሳፋሪው ጸጥ ይላል፣ "ሰው አልሞተም" ሲባል አንድ ላይ "ተመስገን!" ብሎ ያጨበጭባል። ተማሪዎቼ ፈተና ስመልስላቸው ይችኑ ቃል ይሏታል። የደረጀን ዘፈን ሳይቀር ሰው የወደደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማናጀርነቴ ምን እንደረዳው እኔም አላውቅም።

በዚያው ጥር ጋሽ ጥላዬ ሠርግ ተጠሩ። ምግብ ሊላክላቸው አይደለም፤ ራሳቸው እንዲመጡ፣ ጡሩምባውንም እንዲይዙ። ዳሱ በር ላይ ቆመው ነፉ። ሙሽሪት ዘወር አለች። "ሰው አልሞተም!" አሉ። ዳሱ በእልልታ ተናጋ፣ ሰው ከየወንበሩ ተነሥቶ ጨፈረ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። እየዞሩ ሲነፉ የአንዱንም ፊት ሳያልፉ አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ልብ በሉልኝ ያሉንን እኔ ሳላይላቸው ስለቀረሁ ራሳቸው አዩት።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ነፉ፣ ለሐዘንም ለደስታም። አንዴ ብቻ አጉረመረሙብኝ። "መምህር፣ ያቺ ቃል አስቸገረችኝ" አሉ። "ለእውነተኛ ሞት ስነፋም ሰው በር ከፍቶ አፌን ያየኛል። እንድላት የሚጠብቅ ይመስላል። እኔስ ብላት አልጠላም ነበር።"

አንድ የኅዳር ጠዋት ጡሩምባ ሰማሁ። አነፋፉ ይሰባበራል፤ ለምዶት የማያውቅ ሰው ነው። ባናዬን ደርቤ በሩን ከፈትኩ። ውርጩ ሜዳውን ነጭ አልብሶታል። ጎረቤቶቼ ሁሉ በራቸውን ከፍተዋል፤ ደረጀም ከሱቁ ወጥቷል። መንገዱ መሐል አናጢው አስታጥቄ ያን የናስ ጡሩምባ ይዞ ቆሟል። ነፍቶ ጨረሰ። ሁላችንም በየበራችን ቆመን ቀጥሎ የምትመጣውን ቃል ጠበቅን። አስታጥቄም ቆሞ አየን፤ ከዚያ ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ የጋሽ ጥላዬን ስም ጠራ።